ተስፋም እንደ ሙያ ይለመዳል

ደሴ ፒያሳ ላይ ከሰዓት በኋላ የሚሰባሰቡ ወጣቶች የሚቀባበሏት አንዲት አባባል አለች፦ «ምን ተስፋ አለ ብለህ ነው?» ትምህርቴን ልቀጥል ላለ ትነገረዋለች። ትንሽ ሱቅ ልክፈት ላለም ትነገረዋለች። ኮምቦልቻ ወርጄ ፋብሪካ ልሞክር ላለም መልሱ እሷው ነች። ጥያቄ ትመስላለች እንጂ ጥያቄ አይደለችም፤ መዝጊያ ነች። ከእሷ በኋላ ወሬው ወይ ወደ እንግሊዝ ኳስ ይዞራል፣ ወይ ወደ ሳዑዲ መንገድ።

ወጣቶቹን በዚህ መውቀስ ቀላል ነው። ግን ቁጥሩ የሚመሰክረው ለእነሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ቁጥሩ 3.2 በመቶ ሆነ፤ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶችም አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ መሻሻል ነው። ቢሆንም በተሻለው ዓመት እንኳ ከ100 ተፈታኞች ከ90 በላይ የሚሆኑት ለ12 ዓመት የተነገራቸው በር ፊታቸው ላይ ተዘግቷል።

በዚህ ላይ ጦርነት አለ። በ2014 መጀመሪያ ደሴና ኮምቦልቻ ከአንድ ወር በላይ በጦርነት ተይዘው ቆዩ። ያ ቁስል ሳይሽር ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። መንገድ ይዘጋል። ኢንተርኔት ለወራት ጠፍቶ ያውቃል። የክልሉ ትምህርት ቢሮ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆናቸውን በተደጋጋሚ ተናግሯል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ብሩህ ብሩሁን አስቡ» የሚል ሰው ቢሰደብ አይገርምም።

ነገር ግን «ምን ተስፋ አለ?» የሚለው አነጋገር ተስፋን የሚፈልገው በተሳሳተ ቦታ ነው። ተስፋን እንደ ዝናብ ይቆጥረዋል፤ ከመጣ መጣ፣ ካልመጣ አልመጣም፤ ሰው ሰማይ ሰማይ ከማየት በቀር ድርሻ የለውም። አማርኛው ራሱ እንዲህ አይልም። በአማርኛ ተስፋ «ይደረጋል»፤ ተስፋ «ይቆረጣል»። ሁለቱም አድራጊ አላቸው፤ ሁለቱም የሰው ሥራ ናቸው። ቋንቋው ከጥንት የያዘውን ይህን ቁም ነገር የሥነ ልቦና ምሁራን የደረሱበት ከብዙ ዓመት ምርምር በኋላ ነው። ተስፋ ማድረግ ይመረጣል፤ ከተመረጠም በኋላ እንደ ማንኛውም ሙያ ይለመዳል፤ ካልተሠራበትም ይረሳል። ሙያ ደግሞ መሥሪያ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ጉዳዩ በወጣቱ ላይ ብቻ ተጥሎ የሚታለፍ አይደለም።

ላም አለኝ በሰማይ

በመጀመሪያ ተስፋ ያልሆነውን ለይቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በገበያው ላይ ብዙ አስመስሎ የተሠራ ተስፋ አለ።

አንደኛው በአዳራሽ የሚሸጠው ነው። የመግቢያ ዋጋ ተከፍሎ፣ ሙዚቃ ተከፍቶ፣ «ዓይንህን ጨፍን፤ ራስህን ሀብታም ሆነህ ተመልከት» የሚባልበት። ወጣቱ ሁለት ሰዓት ያህል ልቡ ሞቆ ይወጣል። በማግስቱ ኪሱም ያው ነው፤ ቀኑም ያው ነው።

ሁለተኛው በመድረክ የሚታደለው ነው። የባቡሩን ነገር የደሴና የኮምቦልቻ ሰው አይረሳውም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው 392 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. በቱርኩ ያፒ መርኬዚ ኩባንያ ተጀመረ። ያን ጊዜ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ ባቡሩን በንግግር ሰማ፣ በቴሌቪዥን አየ፣ ሐዲዱ ሲዘረጋም ተመለከተ። ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ጣቢያው ተሠርቶ፣ መስመሩ ግን ዓመታት ተቆጥረውም ተሳፋሪ ሳይጭን ቆየ። ጦርነቱ ሲመጣ ደግሞ የተሠራውም ተዘረፈ፣ ተጎዳ። ያ ልጅ 12ኛ ክፍል ደረሰ፤ ባቡሩ ግን አልደረሰም። ይህን ያየ ወጣት «ተስፋ» የሚል ቃል ከመድረክ ሲሰማ ጆሮውን ቢይዝ ከልምዱ ተምሮ ነው።

አዳራሹም መድረኩም የሚሰጡት ምኞት ነው። ምኞትና ተስፋ ደግሞ አንድ አይደሉም። ጀርመናዊቷ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋብሪየል ኦቲንገን ከባልደረባዋ ጋር በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመችው ጥናት፣ ከዩኒቨርሲቲ ሊመረቁ የተቃረቡ ሥራ ፈላጊዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትላለች። ውጤቱ የአዳራሹን ትምህርት የሚያፈርስ ነበር። ጥሩ ሥራ ይዘው፣ ተደስተው፣ ተከብረው ራሳቸውን አብዝተው በሐሳብ ይመለከቱ የነበሩት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ ያገኙት የሥራ ጥሪ ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል «ከዚህ በፊት የሠራሁትን አይቼ፣ ብሞክር ይሆንልኛል» ብለው የገመቱት የተሻለ አገኙ። የመጀመሪያዎቹ ፍሬውን በሐሳባቸው አስቀድመው በልተውታል፤ ሰውነታቸው የደረሰ መስሎት ዘና ብሏል። ሁለተኛዎቹ ግምታቸውን ያቆሙት በሠሩት ላይ ነው።

የአገሬው ሰው ይህን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብሎ በአንድ አባባል ጨርሶታል። ተስፋ የላሟን ሣር ማጨድ ነው።

ደስታ የተባለች ከተማ

የደሴ ስም አመጣጥ ራሱ ከዚህ ጉዳይ አይርቅም። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው በ1870ዎቹ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በአካባቢው ሰፍረው ሳለ በሰማይ ጅራታም ኮከብ ታየ፤ ቦታውንም «ደሴ» አሉት፤ ደስታዬ እንደ ማለት ነው። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል መናገሻቸው አድርገው አሳደጓት። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪኳ ግን ከስሟ ጋር ሲታገል የኖረ ነው።

ህዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ ደበደቡ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ነበሩ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታልም ሳይቀር ተመታ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ወራሪው ከተማዋን ያዘ። ዛሬ ወጣቱ የሚቀጣጠርበት «ፒያሳ» የሚለው ስም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። በ1965 እና በ1966 ረሃብ መጣ። በ1977 ደግሞ የከፋው መጣ፤ የያኔው ወሎ ክፍለ ሀገር ስም በዓለም ዙሪያ የረሃብ መጠሪያ ሆነ። በጥቅምት 2014 ማብቂያ ከተማዋ በጦርነት ተያዘች፤ መንግሥት መልሶ መያዙን ያስታወቀው ህዳር 27 ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ካየነው ቦምቡ የወደቀበትም ከተማዋ መመለሷ የተነገረበትም ቀን ታኅሣሥ 6 ነው፤ በመካከሉ 86 ዓመት አለ።

የተመለሰው ነዋሪ ያገኘው የተዘረፈ ሆስፒታል፣ የተዘረፈ ዩኒቨርሲቲ፣ የተዘረፈ ሙዚየም ነበር። ኮምቦልቻ ላይ በሐምሌ 2009 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም አልተረፈም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የእርዳታ እህል መዘረፉን ገልጾ በሁለቱ ከተሞች ማደሉን እስከ ማቋረጥ ደረሰ። ወር ሳይሞላ ደግሞ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ አስወጣች። የፋብሪካ ሠራተኛዋ በአንድ ወቅት ሁለት ምት አረፈባት፤ አንዱም በእሷ እጅ የመጣ አልነበረም።

ይህ ሁሉ የሚዘረዘረው «ወሎ ችሎ አዳሪ ነው» ተብሎ እንዲጨበጨብ አይደለም። እንዲህ ያለ ሙገሳ ብዙ ጊዜ ቸልተኝነትን ለመሸፈን ያገለግላል። የሚዘረዘረው ሌላ ነገር ለማሳየት ነው። በእነዚህ ዘመናት ሁሉ ከተማዋን መልሶ ያቆማት ጥሩ ምልክት አይቶ የተነሣ ሰው አልነበረም፤ ምልክቱ ሁሉ መጥፎ ነበርና። የተሰበረ መስኮት በላስቲክ የሸፈነች ነርስ፣ ከተዘረፈ መደርደሪያ ላይ አቧራ የጠረገ ባለ ሱቅ፣ ወንበር ከየትም ለቅሞ ክፍል የከፈተ መምህር ናቸው ያቆሟት። ሥራው ቀደመ፤ ተስፋው ተከተለ። «ተስፋ ሲኖር እነሣለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

ተመራማሪዎቹ የራሳቸውን ሐሳብ ሲገለብጡ

ይህ ቅደም ተከተል በሳይንሱም ዘንድ አስገራሚ ታሪክ አለው። በ1967 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች በውሾች ላይ ሙከራ አደረጉ። አንዳንዶቹ ውሾች የሚያማቸውን የኤሌክትሪክ ንዝረት ራሳቸው ማስቆም ይችሉ ነበር። ሌሎቹ ምንም ቢያደርጉ ንዝረቱ አይቆምም። በኋላ ሁሉም አጭር መከላከያ ዘልለው ሊያመልጡ የሚችሉበት ሳጥን ውስጥ ገቡ። ማስቆም የለመዱት ዘልለው አመለጡ። ከሌሎቹ አብዛኞቹ ግን ማምለጥ እየቻሉ ተኝተው ተቀበሉት። ተመራማሪዎቹ ይህን «የተለመደ አቅመ ቢስነት» አሉት፤ ፍጡር ተስፋ መቁረጥን ከመከራ ይማረዋል ብለው ደመደሙ።

ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2016፣ እነዚያው ሁለት ሰዎች የአንጎል ምርምርን ይዘው የራሳቸውን ድምዳሜ ገለበጡት። ረዥም መከራ ሲመጣ መፍዘዝና እጅ መስጠት የሚማሩት ነገር አይደለም አሉ፤ የአንጎል የመጀመሪያ፣ ያለ ትምህርት የሚመጣ ምላሽ ነው። የሚማሩት ሌላው ነው። «እኔ የማደርገው ነገር ለውጥ ያመጣል» የሚለውን ነው የሚማሩት።

ይህ ግኝት ለደሴና ለኮምቦልቻ ወጣት ሁለት ነገር ይነግረዋል። አንደኛ፣ ተስፋ የቆረጠ ወጣት ሰነፍም ደካማም አይደለም። ብዙ መከራ ያየ ማንኛውም አንጎል የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ሊያፍርበት አይገባም። ሁለተኛ፣ ተስፋ በተፈጥሮ ለዕድለኞች የተሰጠ ጠባይ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ከዜሮ ጀምሮ የሚማረው ነገር ነው።

እንዴት ይማሩታል? የውሾቹ ሙከራ እዚህም ላይ አንድ ነገር ይናገራል። የፈዘዙትን ውሾች በምግብ ማባበል አልሠራም። ሠርቶ የተገኘው አንገታቸውን ይዞ መከላከያውን እየጎተቱ ደጋግሞ ማሻገር ነበር። ከብዙ ጊዜ መጎተት በኋላ በራሳቸው ዘለሉ። በሰው ቋንቋ ስንመልሰው፦ ምክር ብቻውን አያነሣም፤ እጅ ይዞ የሚያሻግር ሰው ያስፈልጋል፤ አንድ ጊዜም አይበቃም።

ከግሸን የተመለሱት እናት

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። የክብር ዶክተር አበበች ጎበና ታሪክ የተጀመረው እዚሁ ደቡብ ወሎ፣ አምባሰል ውስጥ ነው። በወሎ ረሃብ ዘመን ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። መንገዱ በረሃብ በተጎዱ ሰዎች የተሞላ ነበር። በእጃቸው የነበረው ጥቂት ዳቦና ጠበል ነው፤ እሱን አካፈሉ። ከዚያ የሞተች እናቷን ጡት ስትፈልግ ያገኟትን ሕፃን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ።

ዓመቱ ሳይሞላ ቤታቸው የገቡት ወላጅ አልባ ሕፃናት 21 ደረሱ። ቤተሰባቸው ከልጆቹና ከትዳራቸው እንዲመርጡ አስገደዳቸው፤ ልጆቹን መረጡ። ምግብ እያዘጋጁ በመሸጥ አሳደጓቸው። ከዚያ ትንሽ ጎጆ የተነሣው ሥራ ውሎ አድሮ በስማቸው የሚጠራ ትልቅ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው።

በግሸን መንገድ ላይ ቆመው «ምን ተስፋ አለ?» ብለው ቢጠይቁ ኖሮ መልሱ ግልጽ ነበር፤ ምንም። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ እየተራበ ጥቂት ዳቦ ምን ያደርጋል? እሳቸው ረሃቡን ላጥፋ አላሉም። የያዙትን ዳቦ አዩ፤ ፊት ለፊታቸው ያለችውን ሕፃን አዩ። ሃያ አንደኛው ልጅ የመጣው የመጀመሪያዋ ስለተነሣች ነው።

ልምምዱ

ታዲያ አንድ ወጣት ከዛሬ ጀምሮ ምን ይለማመዳል? ከላይ ከተነሡት ጥናቶችም ከአገሬው ልማድም የሚወጡ አራት ልምምዶች አሉ።

የመጀመሪያው መጥፎ ዜናን በልኩ ማንበብ ነው። ሴሊግማን ተስፋ የሚቆርጡ ሰዎች ለክፉ ነገር በሚሰጡት ማብራሪያ ሦስት ነገሮች እንደሚደጋገሙ ጽፏል፦ ሁልጊዜ ነው፣ በሁሉም ነገር ነው፣ ጥፋቱም የእኔ ነው። ፈተና የወደቀ ተማሪ «እኔ ድሮም አይሆንልኝም፤ ደደብ ነኝ፤ ሕይወቴ አበቃ» ሲል ሦስቱንም ብሏል። ይህንኑ እውነት ሳይቀንሱ በልኩ ማለት ይቻላል፦ «ዘንድሮ፣ በሒሳብና በፊዚክስ፣ ትምህርት ቤታችን ለወራት ተዘግቶ በቆየበት ዓመት፣ የሚፈለገውን ነጥብ አላመጣሁም።» ሁለተኛው አባባል ማጽናኛ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ይልቅ ትክክለኛ ነው። ትክክለኛ ስለሆነም የሚሠራበት ነገር ያሳያል። ሒሳብና ፊዚክስ ይጠናሉ፤ «ደደብነት» አይጠናም።

ሁለተኛው በእጅ ያለውንና የሌለውን መለየት ነው። መንገዱ መዘጋቱ፣ የአጎዋ ነገር፣ የባቡሩ መዘግየት በአንድ ወጣት እጅ አይደሉም። ዛሬ ማታ የሚጠና አንድ ምዕራፍ፣ ዛሬ የሚጠየቅ አንድ ባለ ጋራዥ፣ በዚህ ሳምንት የሚለመድ አንድ የስፌት ዓይነት ግን በእጁ ናቸው። ትንሽ መሆናቸው ነውር የለውም። አንጎል «ሳደርግ ይለወጣል» የሚለውን የሚማረው በትንንሽ፣ በሚያልቁ ሥራዎች ነው። ጀምሮ መጨረስ ራሱ ትምህርቱ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋቱን አስቀድሞ በስሙ መጥራት ነው። ኦቲንገን ምኞት ብቻውን እንደሚያደክም ካሳየች በኋላ የሚሠራውንም አሳይታለች፦ የሚፈልጉትን ካሰቡ በኋላ ወዲያው የሚያደናቅፋቸውን ማሰብ፣ ከዚያ «ይህ ቢመጣ ያንን አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን። «መብራት ቢጠፋ ጠዋት 11 ሰዓት ተነሥቼ አነባለሁ።» «ኢንተርኔት ቢዘጋ መጽሐፉን አስቀድሜ አውርጄ አስቀምጣለሁ።» «ጓደኞቼ ጫት እንቃም ቢሉኝ ከሥራ በኋላ ኳስ ሜዳ እንገናኝ እላለሁ።» እንቅፋቱን የሚያይ ተስፋ ከማያየው ተስፋ ይልቅ ዕድሜ አለው።

አራተኛው ብቻን አለመለማመድ ነው። በዚህ ወሎ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ጎረቤት ለቡና ሲጠራራ ለታመመው፣ ለተሰደደው፣ ለሚፈተነው ልጅ ዱአ ይደረጋል። እቁብ አለ። ደቦ አለ። ያለፈው ትውልድ ለሞትና ለእርሻ ያቋቋመውን ይህን ልማድ አዲሱ ትውልድ ለተስፋ ቢያውለው ምን ይከለክለዋል? ፈተና የወደቁ አምስት ጓደኛሞች አብረው ለድጋሚ ቢያጠኑ፣ አራት ልጆች እቁብ ገብተው በየተራ የአንዳቸውን የሥራ መሣሪያ ቢገዙ፣ ያ የዘመኑ ቅሬ ነው። ከመካከላቸው አንዱ ሲፈዝ ሌላው እጁን ይዞ ያሻግረዋል፤ ነገ ተራው ይለወጣል።

ከአራቱ የሙዚቃ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ የወሎ ቦታ ስም የያዙ ናቸው። ክራር የሚያውቅ ሰው ይህን ያውቃል፦ ክር ይላላል። ትናንት በሚገባ የተቃኘ ክራር ዛሬ አይመታም፤ ሳይመታ በፊት እንደገና ይቃኛል። ተስፋም እንዲሁ ነው። ትናንት የነበረው ዛሬ ቢጠፋ መሣሪያው ተሰበረ ማለት አይደለም።

ጀልባውም ተስፋ ነው

እዚህ ላይ ከባድ ጥያቄ ይመጣል። ከደቡብ ወሎ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ኦቦክ በጀልባ ወደ የመን የሚሻገረው ወጣት ተስፋ የቆረጠ ነው ወይስ ተስፋ ያደረገ?

ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎች የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ጠረፍ ሰጠመች፤ ከተሳፋሪዎቿ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ብዙዎቹም አለቁ። እነዚያ ልጆች ተስፋ አልነበራቸውም ማለት ሐሰት ነው። ቤተሰብ ከብት ሸጦ የላካቸው፣ እነሱም ሞትን ያህል ነገር ያዩት ከወዲያ ማዶ ለሚያዩት ነገር ነው። የጎደላቸው ተስፋ አይደለም። ተስፋውን የሸጠላቸው ደላላ ማዶውን እንጂ ባሕሩን ስላልነገራቸው ነው። ደላላው የሚሠራው ከአዳራሹ ሰባኪ ጋር አንድ ነው፤ ፍሬውን ያሳያል፣ እንቅፋቱን ይደብቃል።

ስለዚህ ለወጣቱ «ተስፋ ይኑርህ» ብሎ መሄድ አይበቃም፤ አደገኛም ሊሆን ይችላል። ሊማር የሚገባው ተስፋን መመዘን ነው። ምን አገኛለሁ? ምን ይገጥመኛል? ከእኔ በፊት የሄዱት ምን ሆኑ? ቢበላሽ መመለሻ አለኝ? ይህን ጠይቆ ለመሄድ የወሰነ አለ፤ ይህን ጠይቆ የቀረም አለ። ሁለቱም መርጠዋል። ሳይጠይቅ የተነሣው ግን ሌላ ሰው መርጦለታል።

የቢሮው ድርሻ

ይህ ሁሉ ከተባለ በኋላ አንድ ሰው «ታዲያ ጥፋቱ የወጣቱ ነው ልትሉ ነው» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። ተስፋ ሙያ ነው የሚለው ሐሳብ በመጥፎ እጅ ሲገባ ጥሩ ማምለጫ ይሆናል። ሥራ ያልፈጠረ ባለሥልጣን «አስተሳሰባችሁን ቀይሩ» ይላል፤ መጽሐፍ ያላቀረበ ትምህርት ቤት «አልጣራችሁም» ይላል።

ነገር ግን የሴሊግማንና የማየር ግኝት የሚከሰው ወጣቱን ብቻ አይደለም። ውሾቹ ማምለጥ የተማሩት ሲዘልሉ ንዝረቱ በእርግጥ ስለሚቆም ነው። ዘልለውም ባይቆም ኖሮ መዝለል የሚባል ነገር አይማሩም ነበር። ስለዚህ ጥረት ውጤት የማያመጣበት ቦታ ተስፋ ሊስተማር አይችልም። የሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ ቦታው አስቀድሞ ለዘመድ ከተያዘ፣ ያ ቢሮ ለተወዳደሩት ሁሉ አቅመ ቢስነትን አስተምሯል። የብድር ፎርም አስሞልቶ ለስድስት ወር መልስ ያልሰጠ መሥሪያ ቤትም እንዲሁ። በተቃራኒው የፈተና ውጤትን በግልጽ የሚለጥፍ፣ ተራን የሚያከብር፣ «አይቻልም» ካለም ምክንያቱን የሚናገር ተራ የወረዳ ሠራተኛ አንድም የማነቃቂያ ንግግር ሳያደርግ ተስፋ ያስተምራል። ደመወዙ ለዚህ እንደሚከፈለው ቢያውቅ መልካም ነው።

ሰላሙ ደግሞ ከሁሉም ይቀድማል። የትኛውም ልምምድ የተዘጋ ትምህርት ቤትን አይከፍትም፤ የታገደ መንገድንም አይጠርግም። ጠመንጃ የያዙ ወገኖች ሁሉ፣ በመንግሥት በኩልም በሌላው በኩልም፣ ከወጣቱ ተስፋ የመጠየቅ መብት የሚኖራቸው መጀመሪያ ልጅ በሰላም ተምሮ የሚገባበትን ቀን ሲሰጡት ነው።

ወጣቱ ግን ይህ ሁሉ እስኪስተካከል መጠበቅ አይችልም፤ ዕድሜው አይጠብቀውም። የ18 ዓመት ልጅ ዘንድሮ የሚያጣውን ዓመት አገር ስትረጋጋ አትመልስለትም። ተስፋን መለማመድ ያለበት ለዚህ ነው። ባለሥልጣኑን ነፃ ለማውጣት ሳይሆን፣ የራሱን ዓመት ለማትረፍ። ደግሞም እጁ ሥራ የለመደ ወጣት ነው መብቱን በሚገባ የሚጠይቀው፤ የፈዘዘው አይጠይቅም።

የሚቀጥለው የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ በብዙ ቤት ስልክ ይከፈታል፤ በብዙ ቤትም ዝምታ ይሆናል። ያኔ አባት፣ እናት፣ ታላቅ እህት ወይም መምህር የሚናገረው የመጀመሪያ ቃል ከብዙ ስብከት ይበልጣል። «አዋረድከን» ከተባለ ልጁ ሁልጊዜ፣ ሁሉም፣ በእኔ የሚለውን ይማራል። «አይዞህ፣ ምንም አይደል» ከተባለም አይበቃም፤ ምንም መሆኑን ልጁ ያውቃልና። «አይዞህ። የትኛው ትምህርት ነው የያዘህ? ነገ ጠዋት አብረን እናየዋለን» ከተባለ ግን፣ አንድ ሰው እጁን ይዞት የመጀመሪያዋን መከላከያ ተሻገረ ማለት ነው። የቀረውን ራሱ ይለምደዋል።